ፀሐይ ሳይጎድል የሚሳሳ አጥንት

የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ የይፋት ቆላ ሙቀት ይቀበለናል። ፀሐይ በማይጠፋበት በዚህ ምድር የቫይታሚን ዲ እጥረት ሊኖር ይችላልን?

አዎን፣ ይችላል። ቆዳችን በፀሐይ ጨረር አማካይነት የሚሠራው ይህ ቫይታሚን ካልሲየምን ከምግብ ለመምጠጥ ያስፈልጋል። በአገራችን ለሚጥል በሽታ በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ግን የጉበትን ኢንዛይሞች ስለሚያነቃቃ ቫይታሚኑ ቶሎ ይፈራርሳል። ለአስም የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎንም አጥንት ገንቢ ሕዋሳትን ያዳክማል፤ በየቀኑ 5 ሚሊ ግራም ለ3 ወራት መውሰድ እንኳ የስብራትን ሥጋት ከፍ ያደርጋል።

እስቲ እናስላ። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ አባት ደጃፋቸው ላይ ተደናቅፈው ቢወድቁና የስበት ማዕከላቸው 0.7 ሜትር ቢወርድ፣ 410 ጁል ያህል ጉልበት ይለቀቃል። ጡንቻና ስብ የተወሰነውን ይውጡታል፤ የተረፈው ዳሌ ላይ ያርፋል። ስፖንጅ መሰሉ የውስጥ አጥንት ጥንካሬ በግምት የእፍጋቱን ካሬ ይከተላል። እፍጋቱ 20 በመቶ ቢቀንስ የሚተርፈው ጥንካሬ 0.8 በ0.8 ሲባዛ፣ ማለትም 64 በመቶ ብቻ ነው።

ከማሽላ ማማ የወደቀ ቢሰበር ማንም አይደነቅም። ከቁመቱ ወድቆ የተሰበረ አዛውንት ግን ወጌሻ ዘንድ ሲወሰድ የሚጠየቀው አወዳደቁ እንጂ የሚውጠው ክኒን አይደለም። የአጥንት መሳሳት የሴቶች ብቻ ይመስለናልና! በዓለም ላይ ከሚደርሰው የዳሌ ስብራት ሲሦው ገደማ የወንዶች ነው፤ ከስብራቱ በኋላ ባለው ዓመት የሚሞቱትም በመጠን ወንዶቹ ይበዛሉ።

ይህን ያነበበ ተማሪ የአያቱን ክኒን እንዳይደብቅ አደራ እንላለን። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ የሚጥለው በሽታ በርትቶ ይመለሳል፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎንም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ እንጂ ባንዴ አይቆምም።