ሀገር በቀል ዕፅዋት በመኖሪያ ግቢ

ሀገር በቀል ዕፅዋት የሚባሉት ሰው ከሌላ ክፍለ ዓለም ሳያመጣቸው፣ ከአንድ አካባቢ አፈር፣ ዝናብና ነፍሳት ጋር ለረጅም ዘመን ተላምደው የኖሩ ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሣሮች ናቸው። በኢትዮጵያ 6,000 ያህል የዕፅዋት ዝርያዎች እንደሚገኙ ሲገመት፣ ከእነዚህ ውስጥ ከአሥር አንድ ያህሉ በሌላ አገር አይበቅሉም፤ ሆኖም የአዲስ አበባን ግቢዎች በብዛት የሚያስጌጡት ከደቡብ አሜሪካ የመጡት ቡገንቪልና ጃካራንዳ፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ግራቪሊያ፣ እንዲሁም ለአጥር የሚከረከመው የሜክሲኮው የፈረንጅ ጽድ ናቸው።

የልዩነቱ ዋጋ የሚታወቀው በበጋ ነው። የከተማዋ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ወርዶ ስለሚያልቅ፣ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች በደረቁ ወራት የአበባ መደብ ማጠጣት የቤተሰቡን የመጠጥ ውሃ መሻማት ይሆናል። ወይራ ግን ጠንካራና ከበስተጀርባው ቡናማ ልባስ ያለው ቅጠሉ ትነትን ስለሚቀንስለት በጋውን ይቋቋማል፤ ብሳናም ያረጁ ቅጠሎቹን ብርቱካናማ አድርጎ ያራግፋቸውና፣ ካልተጠረጉ በስተቀር፣ የረገፈው ቅጠል አፈሩን ሸፍኖ እርጥበት ይይዛል፣ ቀስ በቀስም ብስባሽ ይሆናል።

ከነፍሳት ጋር ያለው ዝምድና ጎልቶ የሚታየው በቀጋ ላይ ነው። ቀጋ የደጋና የወይና ደጋ የዱር ጽጌረዳ ሲሆን፣ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ አበባው አምስት ቅጠሎች ብቻ ስላሉት፣ በመሃሉ የተሰበሰቡት የአበባ ዱቄት የሚያወጡ ቀጫጭን ክሮች ለንብ በግላጭ ክፍት ናቸው፤ ለውበት የተዳቀለው ድርብርብ ጽጌረዳ ግን ከክሮቹ ብዙዎቹ ወደ አበባ ቅጠልነት የተለወጡበት በመሆኑ፣ ዓይን ቢሞላም ለንብ የሚያተርፈው ጥቂት ነው። በዚያ ላይ የቀጋ እሾህ አጥር፣ ፍሬውም የልጆችና የወፎች መብል ነው።

ኮርች ደግሞ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ዛፍ ነው፤ በሥሩ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ለተክል ምግብነት ስለሚቀይሩ አፈር ያዳብራል፣ ቅርንጫፉም ተቆርጦ ቢተከል ይጸድቃል። የጓሮው ጥቅም ከዚህም ያልፋል፤ ጌሾው ለጠላ፣ ግራዋው ለጋን ማጠቢያ፣ ዳማከሴው ለምች ከደጅ ይቀጠፋል።

ሀገር በቀል የሆነ ሁሉ ግን ለማንኛውም ግቢ አይሆንም። ዋርካና ዝግባ ለጠባብ ቦታ የሚበጁ አይደሉም፤ የደጋው ኮሶም ቆላ ላይ አይሆንለትም። የአገር ተክል መስሎ የሚታየው የወፍ ቆሎም መነሻው የአሜሪካ ሐሩር ክልል ሲሆን፣ የግጦሽ መሬትን እየወረረ የሚያስቸግር መጤ ስለሆነ፣ አበባው ቢያምርም ባይተከል ይመረጣል።

የተከላው ወቅት ክረምቱ ሲገባ ነው፤ ችግኙ ሥር እስኪሰድ ድረስ በመጀመሪያው በጋ ውሃ ይፈልጋል፤ ሀገር በቀል ነው ተብሎ ገና ከጅምሩ የተተወ ችግኝ እንደማንኛውም ተክል ይደርቃል። እንደ ጦስኝ ያሉትን የደጋ ዕፅዋት ለጓሮ የሚፈልግ ሰውም ከተራራ የተነቀለውን ሳይሆን በችግኝ ጣቢያ የፈላውን መግዛት ይገባዋል።