ፌስታሉን ይዛችሁ ኑ

አጋሮ ገበያ አጠገብ ባለች አነስተኛ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ነው ያረጀሁት ማለት ይቻላል። ግፊት ወይም ስኳር ያለበት አዲስ ደንበኛ ሲመጣ የሐኪሙን ወረቀት ተቀብዬ አንድ ነገር አዛለሁ፤ «ነገ ሲመጡ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘው ይምጡ። የእርስዎን ብቻ አይደለም፤ የባለቤትዎንም የልጆችዎንም።» ወንዶቹ ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል፤ ጓዳቸውን ልፈትሽ የተነሳሁ ይመስላቸዋል። ሴቶቹ ግን ያመጡታል። ፌስታሉ ባንኮኒው ላይ ሲዘረገፍ የቤተሰቡ ጤና ከየትኛውም የሕክምና ካርድ በላይ ፍንትው ብሎ ይታየኛል።

ከጎማ ገጠር የሚመጡ አንዲት እናት አሉ፤ እንደ አገሩ ወግ «አዴ» ነው የምላቸው። ፌስታላቸው ውስጥ የራሳቸው የግፊት ኪኒን ኢናላፕሪል ነበር፣ ግማሹ ያልተነካ። የባለቤታቸው አምሎዲፒን ነበር። ስሙ የተፋቀ የቁርጥማት መድኃኒት፣ ዲክሎፌናክ መሆኑን በመልኩ ያወቅሁት። ሕፃኑ ሲሻለው የተተወ የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ። የጨጓራ እንክብል። ነፍሰ ጡሯ ልጃቸው ከጤና ጣቢያ ተሰጥቷት ያልተከፈተ የአይረን ኪኒን። ሁለት ሳል ማስታገሻ ሽሮፕም ነበረበት፤ ጥያቄዬን የጀመርኩት ከእነዚህ ነው።

«ማን ነው የሚያስለው አዴ?»

«እኔ ነኛ። ሦስት ወሬ። ሌሊት ሌሊት ደረቅ ሳል።»

ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። ሕመም አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው፤ ሐኪሙ በሌላ ዓይነት ቢለውጠው ሳሉ በቀናት ወይም በሳምንታት ይጠፋል። አዴ ይህን የነገራቸው ስለሌለ ሳሉን ብርድ ነው ብለው ሽሮፕ ገዙ፣ አልሻላቸው ሲል የሕፃኑን አሞክሲሲሊን ቀመሱ፣ በመጨረሻ «ኪኒኑ አልተስማማኝም» ብለው የግፊቱን መድኃኒት አቆሙ። ግፊት ደግሞ ዝም ብሎ የሚሠራ በሽታ ነው። «ሲነሳብኝ ይታወቀኛል» የሚል ሰው በየቀኑ ይገጥመኛል፤ አብዛኛው ሰው ግን ምንም አይታወቀውም። የሚታወቀው አንድ ጎኑ ሲሰንፍ ወይም ኩላሊቱ ሲደክም፣ 45 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሲተኛ ነው።

ዲክሎፌናኩ የማን እንደሆነ ስጠይቅ «የሁላችንም» አሉኝ። ቡና ለቀማ ወገብ ይሰብራል፤ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ቤቱ በሙሉ ይውጠዋል። ለአንድ ጤነኛ ወጣት ሁለት ቀን ቢውጠው ብዙ አያሳስበኝም። ግፊት ላለበት ሰው ግን ይህ መድኃኒት ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ ይይዛል፣ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፣ ከኢናላፕሪልና ከሚያሸና ኪኒን ጋር ሲገናኝ ኩላሊትን ይጎዳል። ጨጓራውንም የሚልጠው እሱው ነው፤ የጨጓራው እንክብል ፌስታሉ ውስጥ የገባው በዚህ በኩል ነበር። አንዱ መድኃኒት ሌላውን እየጠራ ቤቱ መድኃኒት ቤት ሆነ።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ነፍሰ ጡሯ ልጅ ራሷን ሲያማት እናቷ ከራሳቸው ኢናላፕሪል አንዱን ከፍለው ሊሰጧት አስበው ነበር። «ግፊት ይሆናል ብዬ» አሉ። ኢናላፕሪል ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም፤ የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳል። በእርግዝና ጊዜ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ መሄጃው ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ነው። ለእርጉዝ የሚሆን የግፊት መድኃኒት አለ፣ እሱን የሚያዝዘው ግን የለካት ሐኪም ነው እንጂ የእናት ፌስታል አይደለም።

ኪኒን በአንድ ሰው ስም ይጻፋል፤ መሥራት አለመሥራቱን የሚወስነው ግን ቤቱ ነው። ይህን ስል ደንበኞቼ መጀመሪያ የሚያስቡት ምግቡን ነው። እኔ የምጀምረው ከቡናው ነው፤ ጅማ ላይ ሆኖ ከሌላ መጀመር ያስቸግራል።

ቡናው ራሱ ወንጀለኛ አይደለም። በብዙ አገር ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች በልኩ ቡና የሚጠጡ ሰዎች በሁለተኛው ዓይነት ስኳር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ብሎ እንደታየ ይናገራሉ። የእኛ ጣጣ ቡናው ውስጥ የምንጨምረው ነው። ገጠሩ ጨው ያደርግበታል፣ አንዳንዱ ቅቤም። ከተማው ስኳር ያደርጋል። በአንድ ሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ እንበል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል 6 ማንኪያ፣ ወደ 24 ግራም ገደማ ስኳር ነው። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት ጎረቤት ቤት አንድ ጊዜ ከሆነ 48 ደረሰ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው የቀን ጣሪያ 50 ግራም ያህል ነው፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 በታች። ለስላሳውና ብስኩቱ ገና አልተቆጠረም።

ጨውን ከስኳር ይልቅ እፈራዋለሁ። ድርጅቱ የሚፈቅደው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው፤ እሱም ከወጡ፣ ከዳቦው፣ ከሚጥሚጣው ጋር ተደምሮ። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ የተካሄደው የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ዳሰሳ አማካይ ኢትዮጵያዊ በቀን ከ8 ግራም በላይ እንደሚበላ አሳይቷል። ከ100 አዋቂዎች ወደ 16 የሚሆኑት ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር። እንግዲህ ጨው የሚገባው ጀበናው ውስጥ ከሆነ ግፊት ያለባቸው አያት ለብቻቸው የሚቆጥቡበት መንገድ የላቸውም፤ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚጠጣውን ይጠጣሉ። እኔ የማዝዘው ቀላል ነው፤ ጀበናው ባዶውን ይፍላ፣ ጨው የሚፈልግ በሲኒው ያድርግ። ለጣዕም ዝንጅብልና ኮረሪማ በደጃችን ይበቅላል። የእኔ አማት ይህን ሕግ ለመቀበል አንድ ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ አሁንም በሌለሁበት ምን እንደሚደረግ አልጠየቅሁም። በነገራችን ላይ ጨው ቀንሱ ስል አዮዲን የሌለበትን ግዙ ማለቴ አይደለም። እንቅርት በዚህ በደቡብ ምዕራቡ ደጋ ብዙ አንገት አበላሽቷል፤ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝዘው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው በከንቱ አልነበረም። መጠኑን መቀነስ፣ ዓይነቱን መጠበቅ ነው።

ወደ አዴ ልጅ ልመለስ። አይረኑን ለምን እንዳልጀመረች ስጠይቅ ያቅለሸልሸኛል ብላ ነው አሉ። ብትጀምረውም ከምሳ በኋላ በቡና ነበር የምትወስደው። ቡናና ሻይ በእህል ውስጥ ያለውን አይረን አስረው ሰውነት እንዳያገኘው ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አንድ ሲኒ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከምግቡ የሚገኘውን አይረን በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደሚቀንስ ለክቷል። እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም ጉዳት አልታየም፣ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን ጉዳቱ አብሮ ከመጠጣት እኩል ነበር። እኛ ቡናችንን የምናፈላው ልክ ማዕድ ሲነሳ ነው። ነፍሰ ጡር ባለበት ቤት የከሰዓቱ ቡና ወደ ረፋድ ቢዛወር ወጪ የለውም፣ ወግም አይፈርስም። አይረኑ በማታ፣ ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ውኃ ጋር ይዋጥ፤ ማቅለሽለሹም ተኝታ ሳለ ያልፋል።

ሆድ ውስጥ ያለው ልጅ ጉዳይ ጅማ ላይ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ጅማ ሆስፒታል የተወለዱ ሕፃናት በመለኪያ መሣሪያ ውስጥ እየተኙ ስንት ስብ፣ ስንት ደግሞ ጡንቻና አጥንት እንዳላቸው ተለክቷል። ጅማ ዩኒቨርሲቲና ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ በጋራ የሠሩት ነው፣ ልጆቹንም እያደጉ ተከታትለዋቸዋል። ሲወለዱ ከስብ ውጭ ያለው ክብደታቸው ሻል ያለ የነበረው በ2 ዓመታቸው ረዘም ብለው ተገኝተዋል። እናት በእርግዝናዋ ያጣችው ነገር ልጁ በእግሩ ሲቆም ይታያል ማለት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ዴቪድ ባርከር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሳውዝሃምፕተን ላይ ሆኖ ሲወለዱ ቀጭጨው የነበሩ ሰዎች በጎልማሳነታቸው ለልብ ሕመም እንደሚጋለጡ ሲናገር ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር።

ታዲያ ያቺ እናት ከየት ነው የምትጀምረው? ከልጅነቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረ ሌላ የጅማ ጥናት በከተማው፣ በዙሪያው ባሉ ትንንሽ ከተሞችና በገጠር ከ2 ሺህ በላይ ወጣቶችን ስለ ቤታቸው ምግብ ጠይቋል። እጥረት ባለበት ቤት ሴቶቹ ልጆች ከወንድሞቻቸው ይልቅ «ራበኝ» ሲሉ ተገኝተዋል፤ ያው አንድ ጣሪያ ሥር። ይህን ሳነብ አልገረመኝም፤ በልጅነቴ እንቁላሉ ለማን እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። የሚያሳዝነኝ ይህ አገር ፍራፍሬ ሞልቶት ነው። አቮካዶው ከየጓሮው ተለቅሞ በአይሱዙ አዲስ አበባ ይገባል፣ በገንዘቡ የሚረጋ ዘይትና ስኳር ተገዝቶ ይመለሳል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የደም ቧንቧን የሚያጨናንቅ የስብ ዓይነት ነው። ሁሉም አይሸጥ፤ ከየማዳበሪያው ጥቂቱ ለሴት ልጆቹ ይቅር።

ስለ በርጫ አጭር ነው የምናገረው፤ የሚሰማኝ ስለሌለ። ጫት ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ የራት ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያርቃል። የመን ውስጥ በተደረገ ጥናት ጫት እየቃሙ የሚዋጥ አምፒሲሊን በደንብ ወደ ደም እንደማይገባ ታይቷል፤ አሞክሲሲሊን ላይ ጉዳቱ አነስ ያለ ነበር። ቢያንስ መድኃኒቱ የበርጫ ሰዓት ላይ አይዋጥ እላለሁ። ይህን ያህሉን ይሰሙኛል።

ረመዳን ላይ ግን በደንብ ይሰሙኛል፣ ምክንያቱም መጾም ይፈልጋሉ። ግሊበንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ኪኒኑን ሱሑር ላይ ውጦ ከዋለ ወደ አስር ሰላት ገደማ ስኳሩ ወርዶ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር ሊመጣበት ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻ ለሚወስደው አደጋው በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ሐጂዎቹን በሻዕባን ነው የምይዛቸው፤ መጠኑና ሰዓቱ የሚስተካከለው ጾሙ ሳይገባ ነው። ቤተሰቡም ማወቅ አለበት፤ አባት ከዱዓ በፊት መንቀጥቀጥ ከጀመሩ ተምሩን ቶሎ የሚያቀብላቸው ልጃቸው ነው። ኢንሱሊን የሚወጉትና ፍሪጅ የሌላቸው ደግሞ መድኃኒቱን በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ጥላ ቦታ ላይ ያኑሩት። ጅማና ጎንደር ከሳውዝሃምፕተን ባለሙያዎች ጋር ሆነው የስኳርና የሚጥል በሽታ ክትትልን በነርሶች እጅ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ያወረዱት እንዲህ ያለውን ኑሮ አይተው ነው።

የቀረው ገንዘብ ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ ኪኒን በስትሪፕ የሚገዛኝ የለም፤ ግማሽ ስትሪፕ፣ አንዳንዴ አምስት ፍሬ ነው። «ቡናው ሲሸጥ እጨርሰዋለሁ» ይላሉ። ጥር ላይ ደግሞ ሥጋውም ለስላሳውም ይበዛል። ግፊት ግን ወቅት አይጠብቅም። ለዚህ ያየሁት መፍትሔ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሞከር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የእኛው ሊሙ ኮሳ ነበር። የሚመዘገበው ቤተሰብ ነው፣ አባት ለብቻው አይገባም፤ መዋጮውን መክፈል የሚቀለው ደግሞ የቡና ገንዘብ እጅ ላይ ሳለ ነው። አዴ ባለፈው ዓመት ቤታቸውን በሙሉ አስመዘገቡ። ሐኪሙ ኢናላፕሪሉን በአምሎዲፒን ለወጠላቸው፣ ሳሉም ጠፋ። አሁን ወደ እኔ የሚመጡት ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያልቅበት ብቻ ነው፤ እሱም ደጋግሞ ያልቅበታል።