ተርቧን ማን ይቀልባት?

በአዊ ዞን ዳንግላ ዙሪያ ክረምቱ ሲገባ በቆሎ ማሳ የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚፈትሸው ገና ያልተዘረጋውን የመሃል ቅጠል ነው። ቅጠሉ ተበሳስቶ፣ ሥሩ ላይ እርጥብ ኩስ ከተጠራቀመ ውስጡ ትል አለ። ትሉ ጭራው አጠገብ በአራት ማዕዘን የተደረደሩ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉት የአሜሪካ መጤ ተምች ነው።

ይህ ተምች ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በየካቲት 2009 ዓ.ም. በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ሲሆን፣ በወራት ውስጥ አማራ ክልልን ጨምሮ በቆሎ አብቃይ አካባቢዎችን አዳረሰ። ገበሬው ከነቤተሰቡ ትል በእጁ ለቀመ፤ ፀረ ተባይም ተረጨ። መድኃኒቱ ግን ቅጠል ውስጥ የተሸሸገውን ትል ሲስት ሌሎቹን ነፍሳት አያስተርፍም። ገበሬው በቆሎም ንብም በሚይዝበት አዊ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው።

ተምቹ በገባ ማግስት ተመራማሪዎች ከማሳ የሰበሰቧቸውን ትሎች ቤተ ሙከራ አስገብተው ሲጠብቁ ከበርካቶቹ ተርብ ወጣ። ኮቴሲያ ኢሲፔ የምትባለው ደቃቃ ተርብ ኢትዮጵያ ውስጥ በተዳሰሱት ቦታዎች ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑትን ትሎች ይዛ ተገኘች። ለዚህ ብሎ ያመጣት የለም። እንቁላሏን በለጋ ትል ገላ ውስጥ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው እጭ ትሉን ከውስጥ እየበላ ያድጋል።

ታዲያ ለምን አትራባም? ችግሩ ቀለብ ነው። ተርብ ለማርባት ትል ማርባት ይቀድማል፤ በየቀኑ ትኩስ የበቆሎ ቅጠል እያቀረቡ ሺህ ትል መመገብ ደግሞ አይዘለቅም። ስለዚህ ሰው ሠራሽ መኖ ይዘጋጃል። የቦሎቄ ዱቄት፣ የደረቀ የበቆሎ ቅጠል ዱቄት፣ እርሾ፣ ቫይታሚንና ሻጋታ መከላከያ ይቀላቀላሉ። ከባሕር አልጌ የሚወጣው ማርጊያ ውሃ ውስጥ እንደ ሽሮ ተንተክትኮ ይጨመርበትና ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ናይሮቢ የሚገኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ የአገዳ ቆርቁር ትሎችን በእንዲህ ያለ መኖ ማርባት ከጀመረ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። የመጤ ተምች ትሎች ግን እርስ በርስ ስለሚበላሉ ካደጉ በኋላ እያንዳንዱ ለብቻው ዕቃ ይፈልጋል። ጉልበቱንና ወጪውን የሚያበዛው ይህ ነው።

ቻይናውያን ትሉን ጨርሰው ለማስቀረት ሞክረዋል። ትሪኮግራማ የተባለችውን የእንቁላል ተርብ የሐር ትል ደም፣ የእንቁላል አስኳልና ወተት በስስ ፕላስቲክ ውስጥ አሽገው በሠሩት «እንቁላል» ላይ አራቡ።

ቤተ ሙከራ ያደገች ተርብ ሌላም ስንቅ ያስፈልጋታል። በትል የተበላ በቆሎ የሚያወጣው ሽታ የኮቴሲያ ተርቦችን እንደሚጠራ በ1990 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ ጥናት አሳይቷል። በዱቄት መኖ ካደጉ ትሎች የወጣች ተርብ ይህን ሽታ ሳትለምድ ማሳ ላይ ብትበተን አደኗ ሊዳከም ይችላል፤ ከመለቀቋ በፊት የተበላ ቅጠል ማሽተት አለባት።

ሥራው ለአዊ ሩቅ አይደለም። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከልም እዚያው አማራ ክልል ነው። ቦሎቄውም የበቆሎ ቅጠሉም ከገበሬው እጅ ይገኛል፤ ከውጭ የሚገዛው በዋናነት ማርጊያውና ቫይታሚኑ ነው። የእንጅባራ ብርድ ግን ለትሎቹ አይመችም፤ ቀን ከሌት ሙቀቱ የማይዋዥቅ ክፍልና የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈልጋሉ። ለየዓመቱ የፀረ ተባይ ግዢ በጀት የሚይዝ መሥሪያ ቤት ለአንድ እንዲህ ያለ ክፍልም መያዝ አለበት። ተርቧ የምትይዘው ትሉ ለጋ ሳለ ነው፤ ብዛቷም የሚደረጀው በተከታታይ ትውልዶች ስለሆነ እርባታው በቆሎው ከመዘራቱ አስቀድሞ መጀመር ይኖርበታል።