ለተራራ አደን አስቀድሞ መሰናዳት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ተራራ ለሚወጣ ሰው ይህ አባባል እውነት ነው።

የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ የሚገኘው በአገራችን ብቻ ነው። የሚኖረውም እንደ ባሌና አርሲ ባሉ ከፍተኛ ተራሮች፣ በጽድና በአስታ ጫካ ውስጥ ነው። ቁጥሩ ስለ ተመናመነ እንዲሁ አይታደንም። ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ፈቃድ የያዘ አዳኝ ሲመጣ ግን መንገድ የሚመራው፣ በቅሎ የሚጭነው የአካባቢው ገበሬ ነው። ታዲያ ምን ይሰናዳል?

መጀመሪያ እግር ነው። «ዕድሜዬን ሙሉ ያረስኩ ሰው፣ ምን እሆናለሁ?» የሚል አይጠፋም። ሜዳ ማረስና ገደል መውጣት ግን ለየቅል ናቸው። ጉልበትን ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ መውረዱ ነው። ከአንድ ወር በፊት ጀምራችሁ ሸክም ይዛችሁ ዳገት መውጣትና መውረድ ተለማመዱ። ዱላ አይለያችሁ።

ሁለተኛው ልብስ ነው። የጥጥ ጋቢ ከረጠበ አያሞቅም። ከበግ ፀጉር የተሠራ በርኖስ ወይም ባና ቢረጥብም ይሻላል። ለስንቅ በሶና ቆሎ ያዙ፤ ውሃም አትርሱ።

ሦስተኛው ነፋስን ማወቅ ነው። አጋዘን የሰው ሽታ ከደረሰው ይሸሻል። ተራራ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ነፋስ ሽቅብ ይነፍሳል፤ ሲመሽና ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይወርዳል። ጥቂት አመድ በትኑና ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ነፋሱ ከአጋዘኑ ወደ እናንተ በሚመጣበት በኩል ቅረቡ።

አራተኛው ጭነት ነው። ትልቅ ወንድ አጋዘን እስከ 300 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ይህ ሦስት ኩንታል ነው! ገደል ውስጥ ቢወድቅ ማን ያወጣዋል? በቅሎ የማይደርስበት ቦታ እንዳይተኩስ ለአዳኙ አስቀድማችሁ ንገሩት። ዳገት ስትወጡም ጠመንጃው ጥይት እንዳይጎርስ አድርጉ።

ከሁሉ በላይ ይህን ልብ በሉ። ከቆላ የመጣ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ራሱን ሊያመው፣ ሊያስመልሰው ይችላል። ምክንያቱ የአየሩ መሳሳት ነው። ሕመሙ ከበረታ ወይም ሰውየው ከተንገዳገደ «ነገ ይሻለዋል» አትበሉ። መድኃኒቱ ወዲያውኑ ወደ ታች ማውረድ ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት በየት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለቤተሰብና ለቀበሌ ንገሩ። ቀኑ ካለፈ ፈላጊ የት እንደሚጀምር ያውቃል። አጋዘን ቢያመልጥ ሌላ ቀን አለ። የሰው ሕይወት ግን አንዴ ካመለጠ አይመለስም።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ላልቻለ ጎረቤታችሁ አንብቡለት።