የፎገራ ከብት፦ የጣና ሜዳ ያሳደገው ዝርያ

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ወደ ሐይቁ ከመግባታቸው በፊት የሚያቋርጡት ሰፊ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ በበጋ ደግሞ ጥቁር አፈሩ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። የፎገራ ከብት በመባል የሚታወቀው ሀገር በቀል ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሜዳ ሲሆን፣ መኖሪያው በፎገራ ወረዳ ሳይወሰን ሊቦ ከምከምን፣ ደራን፣ ደምቢያንና የባሕር ዳር ዙሪያን እያካተተ የሐይቁን ዳርቻ ይከተላል። ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ብትሆንም፣ አንድ ዝርያ ከአንድ ሐይቅ ጋር ይህን ያህል ተቆራኝቶ የሚገኝባቸው ቦታዎች ብዙ አይደሉም።

በእንስሳት ሳይንስ ዝርያ የሚባለው፣ በአንድ የእንስሳ ወገን ውስጥ ሆኖ በመልክ፣ በጠባይና በሚሰጠው ጥቅም ከሌሎቹ የሚለይ፣ ይህንንም ልዩነቱን ለልጆቹ የሚያወርስ መንጋ ነው። በአውሮፓ ስመ ጥር የሆኑት ዝርያዎች በአብዛኛው ባለፉት 200 ዓመታት ውስጥ፣ አርቢዎች በማኅበር ተደራጅተው የእያንዳንዱን እንስሳ አባትና እናት በመዝገብ እያሰፈሩ የቀረጿቸው ናቸው። የፎገራ ከብት እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበረውም። የቀረጹት አርቢው በዓይኑ መዝኖ ለመንጋው ያስቀረው ኮርማ፣ ደካማውን የሚለየው የክረምት ጎርፍና ዝንብ፣ እንዲሁም ዋልካውን አፈር ለማረስ የሚጠይቀው ጉልበት ናቸው።

የአፍሪካ ከብቶች የዘር ሐረግ ከሁለት ምንጭ ይቀዳል። አንደኛው ሻኛ የሌለው ከብት ሲሆን፣ ቅድመ አያቶቹ ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ ለማዳ ሆነው ኋላ ወደ አፍሪካ የገቡ ናቸው፤ በድሬዳዋ አቅራቢያ በለጋ ኦዳ የዋሻ ግድግዳ ላይ የተሳሉት ጥንታውያን ከብቶችም ሻኛ አይታይባቸውም። ሁለተኛው ዜቡ የሚባለው ባለሻኛ ከብት ነው፤ እርሱ ለማዳ የሆነው በኢንደስ ሸለቆ፣ በዛሬይቱ ፓኪስታን አካባቢ ሲሆን፣ ወደ አፍሪካ ቀንድ የመጣው ከመጀመሪያው እጅግ ዘግይቶ ነው። የሁለቱ ድቅል ሳንጋ ይባላል፤ ይህም የሳይንስ መጠሪያ ለሥጋ ከደለበው ሰንጋ ጋር መምታታት የለበትም፤ የሚያመለክተው ትንሽ ሻኛ ወደ አንገቱ ተጠግታ የምትታይበትንና ብዙውን ጊዜ ረጅም ቀንድ ያለውን የከብት ወገን ነው። ሳንጋ እንደገና ከዜቡ ጋር ሲዳቀል ተመራማሪዎች ዜንጋ ያሉት መካከለኛ ቡድን የተገኘ ሲሆን፣ የፎገራ ከብት ከወለጋው የሆሮ ከብት ጋር የሚመደበው በዚሁ ቡድን ውስጥ ነው።

ይህ መቀላቀል የተካሄደበት ዘመን ለረጅም ጊዜ በግምት ብቻ ይነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ኔቸር ጄኔቲክስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣና የ172 አፍሪካዊ ከብቶችን ሙሉ የዘር ቅንብር የመረመረ ጥናት፣ የሁለቱ ወገኖች ዋና መዳቀል የተፈጸመው ከዛሬ 1,050 እስከ 750 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው ሲል አስልቷል፤ ይህም በሀገራችን ታሪክ ከዛጉዌ ነገሥታት ዘመን ጋር የሚቀራረብ ነው። ከዚያ ወዲህ በዝርያው ላይ የደረሰው ትልቁ ፈተና የክፉ ቀን ዕልቂት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የደስታ በሽታ የሀገሪቱን ከብት አብዛኛውን ስለፈጀ፣ ዛሬ በሜዳው የሚታዩት መንጋዎች ከጥቂት ተራፊዎች የተባዙ ናቸው። ያ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ በይፋ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

የፎገራ ከብት ቀለሙ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ወይም ጥቁርና ግራጫ ዝንጉርጉር፣ ቀንዱ አጭርና ወፍራም፣ ከአገጩ ሥር እስከ ደረቱ የሚወርደው ልቅ ቆዳ ደግሞ ሰፊና የታጠፈ ነው። ሻኛው ከዜቡ ያነሰ፣ ከሳንጋ የበለጠ ሆኖ በትከሻና በአንገት መካከል ይቀመጣል። ቀለሙ ብቻውን ግን ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም ከሆላንድና ከሰሜን ጀርመን የመነጨው የወተት ከብት፣ ፍሪዥያን፣ እንዲሁ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ፣ የሁለቱ ድቅል የሆነች ጊደር በገበያ ቀን ከሩቅ ስትታይ ንጹሕ የፎገራ ጊደር ልትመስል ትችላለች። ስለዚህ አስተዋይ ገዢ ከቀለሙ አልፎ ሻኛውን፣ የአንገቱን ቆዳ እጥፋትና የቀንዱን ውፍረት ይመለከታል፤ በድቅሎች ላይ ሻኛው ጎላ ብሎ ስለሚያንስ ልዩነቱን በቶሎ የሚያጋልጠው እርሱ ነው።

የዝርያው ዋነኛ መልካም ጠባይ ገራምነቱ ሲሆን፣ ይህም ለአራሽ የሚሰጠው ጥቅም ከፍተኛ ነው። ውኃው ወደ ሐይቁ ሲመለስ ገበሬው ባሕር ሸሽ የሚባለውን መሬት እርጥበቱ ሳያልፍ አርሶ ጓያና ሽምብራ መዝራት ይኖርበታል፤ በዚያን ጊዜ ዋልካው በማረሻው ላይ እየተጣበቀ ስለሚከብድ፣ በሬው እግሩ በጭቃ እየተያዘ ሳይደነግጥና ሳይወራጭ ቀንበሩን ይዞ እስከ ትልሙ ጫፍ መድረስ አለበት። እንዲህ ያለው በሬ የሚወለደው ከልጅነቱ ጀምሮ በረግረግ እየተራመደ፣ ሆዱ ድረስ በውኃ ገብቶ ሣር እየጋጠ ካደገ መንጋ ነው። ላሚቱ በበኩሏ በቀን 2 ወይም 3 ሊትር ያህል ወተት ትሰጣለች፤ የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልደውም አራት ዓመት ገደማ ሲሞላት ነው። ይህ ከፍሪዥያን ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የሚገኘው በግጦሽና በገለባ ብቻ፣ ያለ ፋብሪካ መኖ መሆኑን ዘንግቶ ማነጻጸር ሚዛናዊ አይሆንም።

ረግረጉ ሣር እንደሚሰጥ ሁሉ በሽታም ይሰጣል። በውኃ ዳር በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት የሚተላለፈው የጉበት ትል በሐይቁ ዙሪያ የከብት የዘወትር ጠላት ነው። በሌላ አካባቢ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው ገንዲም፣ ቆላ ዝንብ በሌለበት በጣና ዳርቻ፣ በሌሎች ደም መጣጭ ዝንቦች ከከብት ወደ ከብት ይዛመታል። አርቢዎች ሜዳው ሲጥለቀለቅና ዝንቡ ሲበረታ መንጋቸውን ወደ ከፍተኛው ቦታ ማሸሻቸው፣ ውኃው ሲጎድል መልሰው ማውረዳቸው ዝርያውን ያቆየ ጥበብ ነው።

ይህን ዝርያ ለማጥናትና ለማሻሻል እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የአንዳሳ ጣቢያ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል፤ ዛሬ በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የእንስሳት ምርምር ማዕከል ነው። በአዊ ዞን በቻግኒ አካባቢ ያለው የመተከል የከብት እርባታ ደግሞ የፎገራ ላሞችን ከፍሪዥያን ጋር እያዳቀለ ጊደሮችን ለአርቢዎች ሲያከፋፍል ቆይቷል። የመጀመሪያው ትውልድ ድቅል ከሁለቱም ወላጆች እኩል ስለሚወርስ የእናቱን ጽናትና የአባቱን ወተት አጣምሮ ይይዛል። ችግሩ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ድቅሏ ጊደር እንደገና በፍሪዥያን ስትጠቃ ጥጃዋ ሦስት አራተኛ የውጭ ደም ይኖረዋል፤ ያም ጥጃ የሚፈልገውን መኖና ሕክምና አብዛኛው የገጠር ቤት ሊያቀርብለት አይችልም። ድቅል ጊደር በተከታታይ ለማከፋፈል ንጹሕ የፎገራ ላም ሁልጊዜ ስለምታስፈልግ፣ እናትየውን ዝርያ ችላ ያለ የማሻሻያ ሥራ የራሱን ምንጭ ያደርቃል።

ከማዳቀሉም በላይ አሳሳቢው የሜዳው መጥበብ ነው። ሩዝ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሲሞከር የተያዘው መሬት ጥቂት ነበር፤ ዛሬ ግን ፎገራ የሀገሪቱ የሩዝ ማዕከል ሆኗል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው በዚያው በወረታ ከተማ ነው። ሩዝ ቀድሞ ውኃ ሲተኛበት ለከብት ብቻ ይተው የነበረውን መሬት ለቤተሰብ ቀለብና ለገበያ አብቅቶታል፤ በዚህም ገበሬው ሊወቀስ አይገባም። የተረፈውን ግጦሽ ግን እሾሃማው አሜኬላ ወርሮታል፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፋው እምቦጭም የሐይቁን ዳር ሣር ሸፍኖታል። በግጦሹ ምትክ የሚቀርበው የሩዝ ገለባ ለመፈጨት አስቸጋሪ፣ ገንቢ ንጥረ ነገሩም አነስተኛ በመሆኑ፣ በዩሪያ ካልታከመ ወይም ሌላ መኖ ካልታከለበት ላሚቱን ከነጥጃዋ አያኖርም።

የኮርማ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ለብዙ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል፤ ይህም ለክፉ ጊዜ የሚጠቅም መጠባበቂያ ነው። ሆኖም በናይትሮጅን የተቀመጠ ዘር በጎርፍ፣ በዝንብና በቀንበር እየተፈተነ አይመረጥም። ምርጫው የሚካሄደው መንጋው ባለበት፣ አርቢው በቶሎ ያደገውን ወይፈን ለገበያ ከማውጣቱ በፊት ላሞቹን እንዲያጠቃለት በሚያቆይበት ሜዳ ላይ ነው። ለዚህም በርብና በጉማራ ዳር የቀሩት የወል ግጦሾች ወሰናቸው ተለይቶ ከአሜኬላ መጽዳት፣ መንደሮችም ጥሩውን ኮርማ በጋራ ይዘው ለባለቤቱ የገበያውን ዋጋ የሚተኩበት ስምምነት ማበጀት ይኖርባቸዋል።