የስዊዘርላንድ ተኳሾችና የጠመንጃቸው ሕግ

በየዓመቱ ግንቦት ሲያልቅ በስዊዘርላንድ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ጠመንጃውን አንግቶ፣ ሽጉጡን ይዞ ወደ ተኩስ ሜዳ ይወጣል። ታዳጊውና አዛውንቱ፣ ገበሬውና የባንክ ሠራተኛው ጎን ለጎን በደረታቸው ተኝተው 300 ሜትር ርቆ በቆመ ዒላማ ላይ ያነጣጥራሉ። ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ተኳሽ 18 ጥይት ይታደለዋል፤ የጥይቱን ዋጋ የሚችለው መንግሥት ነው። ሁሉንም መሐል ላይ ያሳረፈ 72 ነጥብ ያገኛል። «ፌልትሺሰን» በሚባለው በዚህ የመስክ ተኩስ በዓል ላይ የሚመጣ ሰው ለውድድሩ ብቻ አይመጣም፤ ተኩሱ ሲያበቃ ቋሊማና ቢራ ይቀርባል፣ ጨዋታው ይደራል።

የዚህ ሁሉ መሠረት የተኩስ ማኅበር ነው። የአገሪቱ ተኳሾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1824 አራው በተባለች ከተማ ሲቋቋም፣ ዛሬ የምናውቀው ፌዴራላዊ መንግሥት ገና አልነበረም፤ እሱ የመጣው በ1848 ነው። በቋንቋም በሃይማኖትም የተለያዩ፣ እርስ በርስ የሚጠራጠሩ የካንቶን (የክፍለ ግዛት) ሰዎች አንድ ሜዳ ላይ ከሚገናኙባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ የተኩስ በዓል ነበር። አሁን ከ2,000 በላይ የየአካባቢው ማኅበራት አሉ። ነገሩ ከእኛም ታሪክ ጋር ይነካካል፦ የጣሊያን ጦር ዐድዋ ላይ ከያዛቸው ጠመንጃዎች አንዱን የነደፈው ፍሪድሪክ ቬተርሊ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነው።

የስዊዘርላንድ ሠራዊት በአብዛኛው የዜጎች ሠራዊት ነው። ለውትድርና ብቁ የሆነ ወጣት ይሠለጥንና ጠመንጃውን ይዞ ቤቱ ይገባል። በየዓመቱም ነሐሴ ሳያልቅ ወደ አንዱ ማኅበር ሄዶ 20 ጥይት የግዴታ ተኩሱን ይተኩሳል። አገልግሎቱን ሲጨርስ ጠመንጃውን ላስቀር ካለ፣ በቅርብ ዓመታት ተኩሱን አለማቋረጡን ማስረዳትና የመግዣ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ መሣሪያውም በተከታታይ እንዳይተኩስ ተደርጎ ነው የሚሰጠው። ልጆችም አልተረሱም። ዙሪክ ውስጥ በመስከረም ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉ ታዳጊዎች የሚወዳደሩበት «ክናበንሺሰን» አለ፤ ሴት ልጆች የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ሴቶቹ ዕድሉን ሲያገኙ የሚያደርጉትን ደግሞ ዓለም አይቷል፦ ኒና ክሪስተን በቶኪዮ፣ ኪያራ ሊዮኔ በፓሪስ ኦሎምፒክ በ50 ሜትር ጠመንጃ ወርቅ አጥልቀዋል።

አንድ ሲቪል ሽጉጥ መግዛት ቢፈልግ ወደ ካንቶኑ ባለሥልጣን ያመለክታል። 18 ዓመት የሞላው፣ በሞግዚት ሥር ያልሆነ፣ በኃይል ድርጊት ወይም በተደጋጋሚ ወንጀል ያልተመዘገበ፣ በራሱም በሌላውም ላይ አደጋ ያደርሳል ተብሎ የማይፈራ መሆን አለበት። የሚሰጠው ፈቃድ ለስድስት ወር ይጸናል። በየተኩሱ በእጅ ለሚጎርስ የአደን ጠመንጃ ግን በገዢና በሻጭ መካከል የተጻፈ ውል ይበቃል። ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካርታ የተገጠመለት ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በስፖርት ስም የወሰደው ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ደግሞም ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የማኅበር አባል መሆኑን ወይም ዘወትር እንደሚተኩስ ያሳያል። መያዝና ታጥቆ መዞርም ለየቅል ናቸው። ታጥቆ መንገድ ላይ ለመውጣት በቂ ምክንያት ማቅረብና ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ወደ ሜዳ ሲጓዝ እንኳ ጠመንጃው ያልጎረሰ፣ ካርታውም ባዶ መሆን አለበት።

ይህን ሥርዓት ያለ እንከን አድርጎ ማቅረብ ግን ውሸት ይሆናል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2001 ላይ በዙግ ከተማ አንድ ታጣቂ የካንቶኑ ምክር ቤት ውስጥ ገብቶ 14 ሰዎች ገድሏል። ከዚያም በላይ ልብ የሚሰብረው ጸጥ ያለው ሞት ነው፤ በዚያ አገር በጠመንጃ ከሚሞቱት አብዛኞቹ የገዛ ሕይወታቸውን ያጠፉ ናቸው። ሠራዊቱ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በግማሽ ገደማ ሲቀነስ በየቤቱ የሚቀመጠው ጠመንጃም አነሰ። ተመራማሪዎች በኋላ መዝገቡን ሲያዩ ለውትድርና ዕድሜ በደረሱ ወንዶች ዘንድ ራስን ማጥፋት ቀንሶ አገኙት፤ በጠመንጃ ይሞቱ ከነበሩት አብዛኞቹ ወደ ሌላ መንገድ አልዞሩም። ጠመንጃ እጅ ሥር አለመኖሩ ብቻ ሕይወት አትርፏል ማለት ነው። ከ2007 ወዲህም ወታደሩ ጠመንጃውን እንጂ ጥይቱን ቤቱ አያስቀምጥም። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ቀደም ብሎ ቢመጣ ደግሞ ይበልጥ በበጀ ነበር።

ክርክሩ የሚቋጨው በሕዝበ ውሳኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የጦር መሣሪያ ሕጉን አብዝቶ ለማጥበቅ የቀረበውን ሐሳብ 56 ከመቶ የሚሆነው መራጭ ጣለው። በ2019 ከአውሮፓ ኅብረት ደንብ ጋር የሚያስማማውን ማሻሻያ 64 ከመቶ ገደማ ደገፈው፤ የተኳሾች ማኅበራት አጥብቀው ቢቃወሙትም ውጤቱን ተቀብለው ዛሬ በዚያው ሕግ ይተኩሳሉ። እኔ ከሁሉ የማከብርላቸው ይህን ነው።

ስዊዘርላንድ የምትኖሩ አንባቢዎች አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የ«ሲ» መኖሪያ ፈቃድ የሌለው የውጭ ዜጋ መሣሪያ ለመግዛት፣ በአገሩ ሕግ መሣሪያውን መያዝ እንደሚፈቀድለት የሚያረጋግጥ ከአገሩ መንግሥት የተሰጠ ማስረጃ ይጠየቃል። የግንቦቱን ተኩስ ቆሞ ለመመልከት ግን ምንም ፈቃድ አያስፈልግም።