ትምህርት ቤቱ ቤት የገባበት ዓመት

የሲያትል የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ማርች 12 ቀን 2020 ሲዘጉ ለወላጆች የተነገራቸው ቢያንስ ለ14 ቀናት እንደሆነ ነበር። በዋዜማው ከክፍሉ የወጣ የ6ኛ ክፍል ተማሪ የመመለስ ዕድል ያገኘው ግን 7ኛ ክፍል ሊያልቅ ሲቃረብ፣ በኤፕሪል 2021 ነው። ያ ዓመት ብዙ ጊዜ የሚለካው በፈተና ውጤት ነው። ውጤቱ የማያሳየው አንድ ነገር ግን አለ፦ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሥራው አልቆመም፤ ወደ ቤት ገብቶ በታላላቅ ልጆች ትከሻ ላይ ወደቀ።

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በአሜሪካ ቀድሞ ከታየባቸው አካባቢዎች አንዱ የሲያትል አካባቢ ነበር። ፌብሩዋሪ 29 ከሲያትል አጠገብ ባለችው በከርክላንድ ሆስፒታል በበሽታው የሞተ ሰው መኖሩ ሲገለጽ፣ የወቅቱ የዋሽንግተን ግዛት አገረ ገዥ ጄይ ኢንስሊ በዚያው ዕለት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጡ። ከሲያትል በስተሰሜን ያለው የኖርዝሾር የትምህርት ዲስትሪክት ማርች 5 ትምህርት ቤቶቹን ዘጋ። በወቅቱ ወደ 53,000 ተማሪዎች የነበሩት የሲያትል ዲስትሪክት ግን ለመዝጋት አመነታ። ቁርስና ምሳቸውን ትምህርት ቤት የሚበሉ ልጆች ብዙ ናቸውና። በመጨረሻ ሲዘጋም ምግብ የሚታደልባቸው ጣቢያዎች ከፈተ። በዚያው ወር በኢትዮጵያም ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ዋሉ። ሲያትል ያለ ቤተሰብ አገር ቤት ሲደውል ከወዲያም ከወዲህም የሚሰማው ወሬ አንድ ሆነ።

ትምህርቱ ወደ ኢንተርኔት ሲዞር አማዞን ለሲያትል የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች 8,200 ላፕቶፖች ለገሰ። ላፕቶፕ መስጠት ግን ማስተማር አይደለም። በደቡብ ምሥራቅ ሲያትል ባሉት የሬኒየር ሸለቆና የኒው ሆሊ ሰፈሮች የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ኑሯቸው በታክሲ፣ በኤርፖርት ሥራ፣ አረጋውያንን በመንከባከብ ላይ የቆመ ነው። የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሠራተኛ ከሳሎኑ መሥራት ይችላል፤ አረጋዊ የምታጥብና የምታለብስ እናት ግን አትችልም። አባትም ከኤርፖርት ሥራው ቢቀነስ የቤት ኪራዩ አይቀነስለትም።

ስለዚህ የሃይስኩሏ ልጅ ጠዋት ተነሥታ ታናሽ ወንድሟን ቲምስ በተባለው የቪዲዮ መገናኛ ወደ ክፍሉ ታስገባለች፤ የትንሿ እህቷን የቤት ሥራ ሲሶው በተባለው መተግበሪያ ትልካለች፤ ከዚያ የራሷን ክፍል ትከፍታለች። መምህሯ ሲጠሯት ማይኩን ለማብራት ታመነታለች፤ ሕፃን ያለቅሳል፣ ቴሌቪዥን ይጮኻል። አማርኛ ዲስትሪክቱ መልእክቶቹን ከሚያስተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሆኖም የይለፍ ቃል ሲጠፋ፣ ዋይፋይ ሲቆም፣ የመምህር ኢሜይል በእንግሊዝኛ ሲመጣ፣ «ነይ እስቲ፣ ምን ይላል?» የምትባለው እሷ ናት። አስተርጓሚም፣ ሞግዚትም፣ የኮምፒውተር ባለሙያም ሆነች። ለዚህ ሥራዋ ክሬዲት አልተሰጣትም፤ የማንም መዝገብም አልያዘውም።

ዲስትሪክቱ በ2020 ጸደይ የሃይስኩል ተማሪ ኤ ወይም «ያልተጠናቀቀ» ብቻ እንዲያገኝ ወሰነ። ማንም በቤቱ ችግር እንዳይቀጣ የታሰበ በመሆኑ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ነገር ግን ልጆቹን ከቅጣት ማዳን አንድ ነገር ነው፤ ተሸክመውት የነበረውን ማወቅ ደግሞ ሌላ ነው።

ልክ በዓመቱ፣ ማርች 12 ቀን 2021፣ ኢንስሊ የወጣቶች የአእምሮ ጤና ቀውስ እንዳለ ገልጸው ትምህርት ቤቶች በአካል የመማር አማራጭ እንዲሰጡ እንደሚያዙ አስታወቁ። በደቡብ ምሥራቅ ሲያትል ብዙ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ላለመመለስ መረጡ። ይህን እንደ ግድየለሽነት የሚያዩ ነበሩ። እኔ ግን እንዲህ አላየውም። አያት አብራ በምትኖርበት፣ እናት በየቀኑ ከሕሙማን ጋር ውላ በምትገባበት ቤት፣ ለጥቂት ሰዓት ክፍል ሲባል በሽታ ማስገባት ቀላል ምርጫ አይደለም።

በኋላ የዲስትሪክቱ ተማሪ ቁጥር ቀነሰ፤ በጀቱም ጎደለ። በ2024 ዲስትሪክቱ በርካታ ትምህርት ቤቶችን ለመዝጋት አቅዶ፣ ከወላጆች ተቃውሞ በኋላ በኖቬምበር ዕቅዱን ተወው። ክርክሩ ስለ ሕንፃና ስለ ገንዘብ ነበር። ከ2020 መማር ያለብን ግን ሌላም ነው። ትምህርት ቤት በወረርሽኝም ሆነ በበጀት ሲዘጋ፣ ይሠራ የነበረውን ሥራ ማን እንደሚረከብ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። በወላጆች ቋንቋ ስልክ የሚያነሣ ሰው፣ ለታናናሾች አስጠኚ፣ ለሃይስኩል ተማሪዋ ቤተሰቧን ስላገለገለችበት ሰዓት ክሬዲት ሊዘጋጅ ይገባል። ያን ዓመት ትምህርት ቤቱን በቤታቸው ያቆሙት ልጆች ዛሬ አድገዋል። ቀጣዩ ዕቅድ ሲወጣ ጠረጴዛው ዙሪያ ሊቀመጡ የሚገባቸው እነሱ ናቸው።